የ«መምጣትሽ ገና ነው» የሥራ ሂደት ማስታወሻ፦ ከቅኝት እስከ ባጃጅ ስፒከር

ጥቅምት፣ 1ኛ ሳምንት፦ ቅኝት

ዘፈኑ በአምባሰል ቅኝት የተሠራ ሮክ ነው፣ መነሻ ኖታው ኢ (E)። ኖታዎቹ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፤ አምስት ብቻ። የሳምንቱ ስህተት ሁሉ የመጣው ጊታሩ በልማድ ኢ ማይነርን ሙሉ ኮርድ አድርጎ ሲመታ ነው። ኢ ማይነር ውስጥ ጂ አለ፤ በዚህ አምባሰል ላይ ጂ የለም። ጆሮ አይጎዳም፤ ቅኝቱን ግን ያፈርሰዋል። ዘፋኙ ከኤፍ ወደ ኢ ሲወርድ ሆድ የሚያባባው ነገር ይደበዝዛል።

ስሌቱን ወረቀት ላይ አወጣነው። ፓወር ኮርድ መነሻና አምስተኛ ነው። ኢ ከቢ ጋር፣ ኤፍ ከሲ ጋር፣ ኤ ከኢ ጋር ይሄዳል። ቢ ግን ኤፍ ሻርፕን ይፈልጋል፣ ሲ ደግሞ ጂን፤ ሁለቱም ከቅኝቱ ውጭ ናቸው። ስለዚህ ሪፉ (ተደጋጋሚው የጊታር ሐረግ) በሙሉ በሦስት ፓወር ኮርድ ቆመ። ሙሉ ኮርድ ካስፈለገ ኤፍ ሜጀርና ኤ ማይነር ቅኝቱን አይነኩም። ኢ ላይ ማረፍ ሲኖርብን ኢ ሰስ 4 መታን፤ ኖታዎቹ ኢ፣ ኤ፣ ቢ ስለሆኑ ከቅኝቱ አይወጡም።

ኢና ኤፍ ግማሽ ቶን ብቻ ስለሚራራቁ በዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ በሚያሻክር ኢፌክት) ሲመቱ ሮክ የሚወደው ክብደት በራሱ ይመጣል። በዲስቶርሽን ላይ አማርኛ መዝፈንም ለአድማጭ እንግዳ አይደለም፣ ጃኖ ባንድ ያን በር ከከፈተው ቆይቷል። ዋናው ጭንቀት ቅኝቱን ሳያፈርሱ መክበድ ነው።

ጥቅምት፣ 2ኛና 3ኛ ሳምንት፦ ጭክጭካውን ማን ይያዝ?

ምቱ 6/8፣ ፍጥነቱ በነጥባማ ሩብ ኖታ 112። ጭክጭካው ከስድስቱ ምት 1፣ 3፣ 4 እና 6ን ይይዛል። መጀመሪያ ሃይሃቱም (የድራሙ ጥንድ ሲምባል)፣ ጊታሩም፣ ቤዙም ይህንኑ ይመቱ ነበር። በልምምድ ቤት ጥሩ ይመስላል፤ ስልክ ላይ ተቀድቶ ሲሰማ ግን ሁሉም ተደራርቦ ጩኸት ብቻ ነው። ጭክጭካውን ለጊታሩ ብቻ ሰጠን። ሃይሃቱ 1ና 4 ላይ ክፍት ሆኖ ቀረ፣ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) 1 ላይ፣ ስኔር (ጠፍጣፋው ድራም) 4 ላይ። ቤዙ ረጅም ኖታ ይዞ ከኪኩ ጋር ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዚህ በኋላ ዘፈኑ ተነፈሰ።

በዚሁ ሳምንት ከመሰንቆ ተጫዋቹ ጋር ተስማማን። የሜትሮኖም (የምት ቆጣሪ) ጠቅታ በጆሮ ማዳመጫ ስናሰማቸው ሁለት ዙር ሞክረው ተዉት። «ቁጥር እየቆጠርሁ አልጫወትም፤ ከበሮ ስጡኝ» አሉ። ትክክል ናቸው። ለጭክጭካ ስድስቱንም ምት የሚያጮህ ጠቅታ ያደነዝዛል፣ ሁለቱን ብቻ የሚያጮህ ደግሞ መሃሉን ባዶ ይተዋል። ከበሮ ለአራት መስፈሪያ ቀድተን በ112 ላይ አስተካክለን እየተደጋገመ እንዲሄድ (ሉፕ) አደረግነው። ከዚያ በኋላ ድራመሩም ጠቅታውን ትቶ በከበሮው ተጫወተ።

ህዳር፣ 1ኛ ሳምንት፦ ድራም

የቀረጻው ቤት ጎንደር፣ ሳሙና በር አካባቢ ያለ፣ ግድግዳው ጭቃና ጭድ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ስፋቱ 4 በ5 ሜትር ነው። የጭቃ ግድግዳ ከብሎኬት ይሻላል፣ ድምፁን እንደ ሲሚንቶ መልሶ አይወረውርም። የእንቁላል ካርቶን ለጥፈን ነበር፤ የላይኛውን ድምፅ ትንሽ ይቀንሳል፣ ቤዙን ግን ምንም አያደርገውም። ነቅለን ጣልነው። የሠራው ጋቢ ነው፤ እጥፍ ተደርጎ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቆ ሲሰቀል። ግድግዳው ላይ ተጠግቶ ሲሰቀል ግማሹን ያህል እንኳ አይሠራም።

ማይክ አራት ብቻ ነው፦ ኪክ ላይ አንድ፣ ስኔር ላይ ሹር ኤስኤም 57፣ ከላይ ሁለት ኮንደንሰር (ስስ ድምፅ የሚይዝ ማይክ)። ኮንደንሰሮቹ አንዱ ከስኔሩ በላይ 1 ሜትር፣ ሌላው ከትልቁ ቶም ጎን ወደ ሃይሃት ዞሮ። ሁለቱም ከስኔሩ መሃል እኩል መራቅ አለባቸው። የመጀመሪያው ቀን በዓይን ግምት አስቀመጥናቸውና ስኔሩ እንደ ጣሳ ጮኸ። ስንለካው ልዩነቱ 14 ሳንቲ ሜትር ነበር። ድምፅ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 14 ሳንቲ ሜትር ማለት 0.4 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ነው፣ ይህም 1,200 ሄርትዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ይቆርጠዋል። እንደ ጣሳ ያስጮኸው ይህ ነው። ስኔሩ መሃል ላይ ሲባጎ ይዞ እስከ ሁለቱም ማይክ መሳብ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ባለመሠራቱ አንድ ሙሉ ቀን ተቃጠለ።

ቀረጻው 48 ኪሎ ሄርትዝ፣ 24 ቢት፣ ሪፐር በሚባል የቀረጻ ሶፍትዌር ላይ። ጮክ ያለው ምት ከዜሮ በታች 10 ዴሲቤል ላይ እንዲቆም ጌይኑን (የማይኩን ማጉያ) ዝቅ አድርገናል። በ24 ቢት ዝቅ አድርጎ መቅዳት ምንም አያሳጣም፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ግን አይጠገንም።

ህዳር፣ 2ኛ ሳምንት፦ ጊታር፣ መብራትና «እምምም»

ከጊታሩ ጀርባ የመብራቱ «እምምም»፣ 50 ሄርትዝና እጥፎቹ፣ ይሰማሉ። ኬብል ቀየርን፣ ፔዳል በፔዳል ነቀልን፣ አምፑን ወደ ሌላ ሶኬት ወሰድን። ሁሉም ለውጥ አላመጣም። በመጨረሻ መብራት ሄደ፤ ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፣ አምፑን በጄኔሬተር አስነሳነው፣ «እምምም» የሚለው ድምፅ የለም። ጥፋተኛው የላፕቶፑ ቻርጀር ነበር፣ በቻርጀሩና በአምፑ መካከል የግራውንድ ዙር (በመሬት ሽቦዎቹ የሚዞር ኤሌክትሪክ) ተፈጥሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጊታር ሲቀዳ ቻርጀሩ ይነቀላል። አንድ ቻርጅ አንድ ሰዓት ተኩል ይይዛል፤ በዚያ ውስጥ ግራና ቀኝ ሁለቱንም ጊታር መጨረስ ይቻላል።

ጄኔሬተሩ ራሱ ከቤቱ 25 ሜትር ርቆ፣ ከቤቱ ጥግ ኋላ መቀመጥ አለበት። 10 ሜትር ላይ ኮንደንሰር ማይኩ ይሰማዋል።

ዲስቶርሽኑን ከልምምዱ በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀነስነው። በቀረጻ ላይ ሁለት ጊታር ሲደረብ ዲስቶርሽኑም ይደረባል፣ ኢና ኤፍን የሚለየው ግማሽ ቶንም ይጨፈለቃል።

ህዳር፣ 3ኛ ሳምንት፦ መሰንቆ

ከሁሉ የከበደው ይኸ ነው። ጭራው በእጅ ሙቀትና በክፍሉ አየር እየላላ ይወርዳል። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ከጊታሩ ኢ ጋር ማቃናት ግድ ነው፤ ሦስት ዙር በተከታታይ ቀድተን ሦስተኛው ወደ ሩብ ቶን ሊጠጋ ወርዶ አገኘነው። ድምፁን በሶፍትዌር ማስተካከል ሞከርን። አይሆንም፤ የመሰንቆ ጣት በኖታዎች መካከል ይንሸራተታል፣ ሶፍትዌሩ ያን መንሸራተት ደረጃ ደረጃ ያደርገዋል። ያኔ የቀረው ነገር መሰንቆ አይባልም። እንደገና ቀዳን።

ማይኩ መጀመሪያ ከቆዳው ፊት ለፊት 15 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ዜማውን የደጋኑ ሽክሽክታ ሸፈነው። 30 ሳንቲ ሜትር አርቀን፣ ወደ ቆዳው ታችኛ ጥግ አዘንብለን፣ ደጋኑ ከሚሄድበት ጎን አወጣነው። ደጋኑ ላይ የሚፈገፈገው ዕጣን ሲበዛም ሽክሽክታው ይጨምራል፤ ለአዳራሽ የሚበቃው ልክ ለማይክ ይበዛል።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ቆርቆሮው ይንጣጣል። ማለዳ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ አርባ አራቱ ታቦት ባለበት ከተማ ከአንዱ ቢያመልጡ ከሌላው አያመልጡም። ሌሊት ውሻ አለ። ጸጥ ያለው ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ነው፣ መሰንቆውና ድምፁ በዚያ ሰዓት ተቀዱ።

ህዳር፣ 4ኛ ሳምንት፦ ድምፅና «ገና»

ጋቢው ከዘፋኙ ጀርባ ይሰቀላል። ካርዲዮይድ ማይክ (በአብዛኛው ከፊቱ ያለውን የሚሰማ) ፊቱን የሚያየው ወደ ዘፋኙ ስለሆነ የሚሰማው የክፍል ድምፅ ከዘፋኙ ኋላ የሚመጣው ነው። ርቀት 15 ሳንቲ ሜትር፣ ከፊቱ ሽቦ ላይ የተወጠረ ናይለን ካልሲ። ካልሲው የ«ፕ»ና የ«ፍ»ን ትንፋሽ ይይዛል። አማርኛ ላይ የሚያስቸግሩት ግን «ቅ»፣ «ጥ»፣ «ጭ» ናቸው፤ ከጉሮሮ ተዘግተው ስለሚፈነዱ ትንፋሽ የላቸውም፣ ካልሲውን ያልፉታል። ኮምፕሬሰር (ጮክ ያለውን በራሱ የሚያወርድ) አስገብተን ያዝናቸው፤ ከፍንዳታው በኋላ ያለውን አናባቢም አብሮ ይዞ አወረደው። የሠራው በእጅ ነው፦ እያንዳንዱን ፍንዳታ ለብቻ ቆርጦ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ማውረድ። በዘፈኑ ውስጥ 61 ቦታ አለ። አንድ ምሽት ይፈጃል፣ ውጤቱ ግን ኮምፕሬሰሩን ግማሽ ያህል ሥራ ያቀልለታል።

ከዚያ አዝማቹ። «ገና ነው፣ ገና ነው፣ መምጣትሽ ገና ነው»። «ና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ዘፋኙ ኖታውን ለመሙላት ሁሉንም አጥብቆ ዘፈነው፣ ሰሙ ብቻ ቀርቶ ወርቁ ጠፋ። በጭክጭካ ላይ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ «ገ» 1 ላይ አርፎ «ና» 3 ላይ ከመጣ መሃሉ በ«ን» ይሞላና ይጠብቃል፤ «ገ»ና «ና» ተከታታይ ምት ላይ ሲያርፉ ይላላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አዝማቾች አላልተን፣ የመጨረሻውን አጥብቀን እንደገና ቀዳን። ሲጀምር «መምጣትሽ አልደረሰም» የሚለው ሰው ሲጨርስ «መምጣትሽ በዓል ነው» ይላል። ግጥሙ የተጻፈው ለዚያ ነው።

ታህሳስ፣ 1ኛ ሳምንት፦ ሚክስ አንድና ሚክስ ሁለት

ሚክስ አንድ (የትራኮቹ የመጀመሪያ ቅንብር) በጆሮ ማዳመጫ ደስ ይላል። ከፒያሳ ወደ ማራኪ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ስናስከፍተው ሾፌሩ «ወንድሜ፣ ቤዙ የት ሄደ?» አለ። ሄዷል፤ የቤዙ ዝቅተኛ ኢ 41 ሄርትዝ ነው፣ ትንሽ ስፒከር ከዚያ አጠገብ አይደርስም። ቤዙን ከፍ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም፣ ስፒከሩ ይንጫጫል። የቤዙን ትራክ አባዝተን ቅጂውን በሳቹሬሽን (እጥፎችን በሚጨምር ለስላሳ ዲስቶርሽን) አሳለፍን፣ ከ300 ሄርትዝ በታች ያለውን ቆርጠን ከዋናው ሥር በስሱ ደረብነው። ጆሮ 700 ሄርትዝ አካባቢ ያለውን እጥፍ ሲሰማ መሠረቱን ራሱ ይሞላዋል።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነበር፤ በስልክ ስፒከር ላይ የላላው «ገና» እና የጠበቀው «ገና» አንድ ሆኑ። የ«ን» ጉልበት አብዛኛው 250 ሄርትዝ አካባቢ ነው፤ የስልክ ስፒከር ያን አያወጣውም። ስለዚህ ጠበቅ ያለው «ን» በስልክ ላይ ዝምታ ነው፣ ዝምታውን ደግሞ ጊታሩ ይሞላዋል። ሁለት ነገር አደረግን። ድምፁ ላይ ትንሽ ሳቹሬሽን፣ የ«ን» እጥፎች ከ500 እስከ 1,000 ሄርትዝ ድረስ እንዲታዩ። ከዚያ በመጨረሻው አዝማች እያንዳንዱ «ገና» ላይ ጊታሮቹን ለአንድ አምስተኛ ሰከንድ ያህል 2.5 ዴሲቤል ማውረድ። በጆሮ ማዳመጫ ማንም አያስተውለውም፤ በስልክ ላይ ቃሉ ተለይቶ ይወጣል። ከቀረጻው ሁሉ በላይ ለዘፈኑ የጠቀመው ይህ ይመስለናል።

ማስተሪንጉ (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) ወደ −14 ኤልዩኤፍኤስ (የጩኸት መለኪያ) ተጠጋ፣ ጫፉ −1 ዴሲቤል። ስፖቲፋይም ዩቲዩብም ከዚያ በላይ የጮኸውን ዝቅ ያደርጉታል፤ ድራሙን ጨፍልቆ ማስጮህ ትርፉ የተጨፈለቀ ድራም ነው።

ታህሳስ 4፦ መጫን

የሚለቀቅበት ቀን ምርጫ ላይ ብዙ ተነጋገርን። ከህዳር 15 እስከ ገና ጾም ነው። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም ድረስ ሠርግ ነው። ለጎንደር የሚሻለው በገናና በጥምቀት መካከል ነው፤ እንግዳ ወደ ከተማው ይገባል፣ ወጣቱ አደባባይ ላይ ነው። ጥር 2፣ አርብ ተመረጠ። አርብ ከ2015 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ጀምሮ የዓለም የሙዚቃ መልቀቂያ ቀን ነው።

ዘፈኑን ወደ ስፖቲፋይና መሰሎቹ ለሚያደርሰው አከፋፋይ የሚላከው፦ ዋቭ ፋይል፣ 3000 በ3000 ፒክስል ሽፋን፣ የግጥምና የዜማ ባለቤቶች ስም፣ የአይኤስአርሲ ኮድ (የቀረጻው መለያ፣ 12 ፊደልና ቁጥር፣ አከፋፋዩ ይሰጣል)። የስፖቲፋይ አዘጋጆች እንዲያዩት ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ ግድ ነው፤ አራት ሳምንት ሰጠነው። ክፍያው የውጭ ምንዛሪ ካርድ ይጠይቃል፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከፈለ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ ካርዱ የሌላ ሰው ቢሆንም ገቢ የሚቀበለው አካውንት በማን ስም እንደሆነ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይያዝ።

ድርሻው ለአምስት እኩል 20 በመቶ ሆነ፣ መሰንቆው ጭምር። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኝም መብት የተጠበቀ ነው፤ መሰንቆውን በቀን አበል ብቻ መሸኘት ልማድ ቢሆንም ሪፉ የቆመው በእሳቸው መግቢያ ነው።

ኮንቴንት አይዲ (ዩቲዩብ የድምፅ ባለቤትን የሚለይበት ሥርዓት) የሚለውን ሳጥን አልነካነውም። የመግቢያው ዜማ ከቆየ የአዝማሪ ዜማ የተቀዳ ነው። ብቸኛ ባለቤት ነኝ ብሎ ማስመዝገብ ማለት ሌላው አዝማሪ ያንኑ ሲጫወት ቪዲዮው እንዲያዝበት ማድረግ ነው።

ጥር 1፦ የሰዓት ስህተት

የዩቲዩብ ቪዲዮው ሐሙስ ከምሽቱ 1 ሰዓት እንዲወጣ ነበር። የተሞላው 1፡00 ከሰዓት በኋላ ተብሎ ነው። በእኛ አቆጣጠር ያ ቀን 7 ሰዓት ነው፤ ቪዲዮው ስድስት ሰዓት ቀድሞ ወጣ፣ ያሳወቅነው ሰው ሁሉ ሥራ ላይ እያለ። የወጣን መልሶ መደበቅ ማስታወቂያው የደረሳቸውን ማበሳጨት ስለሆነ ተውነው። ለወደፊት፦ የቀን ሰዓት ላይ 6 መደመር፣ የምሽት ላይ 18። ምሽት 1 ማለት 19፡00 ነው። ወረቀቱ ላፕቶፑ ላይ ተለጥፏል።

ጥር፣ 2ኛ ሳምንት፦ አቀባበል

የዩቲዩብ ግራፍ መግቢያው ላይ ይወርዳል። መሰንቆው ከመግባቱ በፊት 19 ሰከንድ የጊታር ጩኸት ነበር። ዩቲዩብ ላይ የተጫነን ቪዲዮ በሌላ ፋይል መተካት አይቻልም፣ መቁረጥ ግን ይቻላል፤ የመጀመሪያውን 12 ሰከንድ ቆረጥን። ለቲክቶክ አዝማቹን መርጠን ነበር፤ ሰው የተጠቀመው የመሰንቆውን መግቢያ ነው፣ ለእስክስታ። የድምፁን መነሻ ወደዚያ አዛወርነው።

ሚኒባስ ውስጥ የሚሰማው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ ሚክስ አንድ። ለቪዲዮ ሥራ በቴሌግራም የላክነው የ128 ኪሎቢት ፋይል ከእጅ ወደ እጅ፣ ከዚያ ወደ ፍላሽ ገባ። ቤዝ የለው፣ «ገና» አይለይ። ለማስቆም አይሞከርም። 320 ኪሎቢት ኤምፒስሪ፣ ስሙና ሽፋኑ የተሞላለት፣ እኛው በነፃ ቴሌግራም ላይ አወጣን። ከአዘዞ መስመር ጀምሮ አራዳ ድረስ ወርዶ የስልክ ቤቶቹ የሚጭኑትን ፋይል አንድ በአንድ ማስቀየር ሁለት ቀን ወሰደ። ዋጋ አለው። በዚህ ከተማ ዘፈን የሚደመጠው ከእነዚያ ሱቆች በወጣ ፍላሽ ነው።

ለጥምቀት ሰሞን ከከተራ በፊት ባሉት ምሽቶች አንድ አዝማሪ ቤት ውስጥ አዝማቹ በመሰንቆ ብቻ ተዘፈነ። አዝማሪው ግጥሙን አልደገመውም፤ «ገና»ን ለተቀመጠው እንግዳ አዞረለት፣ አንዴ አላልቶ አንዴ አጥብቆ፣ ሰውም ልዩነቱ ላይ ሳቀ። ልዩነቱን ሰምተውታል ማለት ነው። ከማንኛውም የእይታ ቁጥር በላይ ይህን መዝግበናል።

ጥር፣ 4ኛ ሳምንት፦ ክሌምና ሒሳብ

ዩቲዩብ ላይ በመሰንቆው መግቢያ የባለቤትነት ጥያቄ (ክሌም) መጣ፤ ያንኑ የቆየ ዜማ ያስመዘገበ ሌላ ወገን ነው። የተቃውሞ ቅጹ ላይ ዜማው የሕዝብ መሆኑን፣ ቀረጻው የእኛ መሆኑን ጻፍን፣ ያልተነካውን የመሰንቆ ትራክ ከነቀኑ አስቀመጥን። ጠያቂው ለመመለስ 30 ቀን አለው። ጥሬ ፋይሎችን ላለማጥፋት ይህ ብቻ በቂ ምክንያት ነው።

ወጪ እስካሁን በብር፦ የማይክ ኪራይ 3,000፤ የስኔር ቆዳ 2,800፤ የጊታርና የቤዝ ክር 1,800፤ ቤንዚን 1,300፤ መሰንቆ (ከድርሻው ሌላ) 5,000፤ ሽፋን 2,500፤ ቪዲዮ 9,000። ድምር 25,400። እንደገና ቢሠራ ከቪዲዮው 3,000 ተቀንሶ ለተጨማሪ አንድ የመሰንቆ ምሽት ይውል ነበር።

የካቲት፣ 1ኛ ሳምንት

የሠርግ ባንዶች ድምፅ የሌለበትን ቅጂ እየጠየቁ ነው፤ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ይፈልጉታል። በኢ ያለው ወጣ። አብዛኛው ዘፋኝ ግን ኢ ላይ አዝማቹ ይከብደዋል፣ በዲ ይፈልጋል። ጊታርና ቤዝ በዲ እንደገና መምታት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። መሰንቆውን በሶፍትዌር ሙሉ ቶን ማውረድ ሞከርን፤ ደጋኑ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ቅዳሜ ምሽት 1 ሰዓት ላይ፣ ጭራው በዲ ተቃኝቶ፣ እንደገና ይቀዳል።